ባነርዎ በነፋስ እንዳይቀደድ፦ ከማተሚያ ቤት እስከ ምሰሶ

ትልቅ ነፋስ ካለፈ በኋላ የየመንገዱን ባነሮች ልብ ብለው ይመልከቱ። መሃሉ ላይ የተቀደደ ብዙ አያገኙም። ጽሑፉም ሥዕሉም ደህና ሆኖ ማዕዘኑ የተዘነጠለ፣ ገመድ የሚገባበት ቀለበቱ የተነቀለ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ባንድ ጎኑ የተንጠለጠለ ግን ሞልቷል። ነፋስ ባነርን የሚያሸንፈው ከዳሩ ነው። ደንበኛው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ቀለሙና ስለ ፊደሉ ተከራክሮ፣ ስለ ዳሩ ሳይጠይቅ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ጉዳቱ የኅትመት ዋጋ ብቻ አይደለም። ከከፍታ ላይ የተላቀቀ ባነር ከነጣውላው፣ ከነብረቱ አላፊ አግዳሚ ላይ ይወድቃል፤ የባጃጅ ወይም የሞተር ነጂን ዓይን ይጋርዳል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ባነር የሚሰቅል ሰው ከሥሩ ለሚያልፈው ሁሉ ኃላፊነት አለበት። ከዚህ በታች 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባነርን እንደ ምሳሌ ይዘን ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንሄድበታለን።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፦ ነፋሱ ምን ያህል ይገፋል?

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ6 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 72 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆንና ወደ 25 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የእኛ ባነር 6 ካሬ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ነፋስ 36 ኪሎ፣ በሁለተኛው 150 ኪሎ ያህል ይገፋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ይህ ግፊቱን አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሰዋል። ነገር ግን ነፋስን በሙሉ ፊቱ የሚያግድ ጠፍጣፋ ነገር ግፊቱን ያንኑ ያህል ስለሚጨምረው ስሌቱ ለመነሻ ይበቃል።

እነዚያ 150 ኪሎዎች በ20 ቀለበቶች እኩል ቢከፋፈሉ እያንዳንዱ 7 ኪሎ ተኩል ይደርሰዋል። ባነሩ በአራት ማዕዘኖቹ ብቻ ከታሰረ ግን እያንዳንዱ ማዕዘን ወደ 38 ኪሎ ይሸከማል። ጨርቁ ሲነፋ ቀለበቱን ወደ ጎን ስለሚስበው ትክክለኛው ጉተታ ከዚህም ይበልጣል።

ከግፊቱ የባሰው ደግሞ መርገብገቡ ነው። የላላ ባነር በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲማታ እያንዳንዱ ምት ቀለበቱን በድንገት ይመነጭቀዋል። በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ምት ካረፈበት በኋላ አንድ ክር ይበጠሳል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ፤ ከዚያ ማዕዘኑ በሙሉ ይሄዳል። የምንሠራው ሁሉ ሁለት ዓላማ አለው፦ ጭነቱን በዳሩ ዙሪያ ማከፋፈል፣ መርገብገቡን ማስቀረት።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ይምረጡ

ጠንካራ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ የተወጠረ ባነር ከሁሉ ይሻላል፤ ከኋላው ነፋስ እንደ ልብ አይገባበትም። በሁለት ምሰሶ መካከል በአየር ላይ የሚቆም ከሁሉ የከፋው ነው። በሁለት ሕንፃ መሃል ያለ ክፍተት፣ የሕንፃ ጥግና የላይኛው ፎቅ ነፋስ የሚፈጥንባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ከተቻለ ይራቋቸው።

አካባቢዎንም ይወቁ። አዳማ አቅራቢያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ቦታው ነፋሻ ስለሆነ ነው፤ እዚያ የሚሰቀል ባነር ተከልሎ ከተቀመጠ ሰፈር ባነር ጋር እኩል ዝግጅት አይበቃውም። በደጋው ከተሞች ደግሞ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያመጣው ዝናብ ሊጥል ሲል ድንገት የሚነሳው ነፋስ ነው። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ ስለዋለ አይዘናጉ።

ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ። ርቀቱን የሚለኩት ባነሩ ከታሰረበት ቦታ አይደለም፤ አንዱ ጎኑ ቢላቀቅ ጫፉ እስከ የት ይደርሳል ብለው ይለኩ። የመንገድ መብራት ምሰሶና የስልክ እንጨት ለባነር ጭነት ስላልተተከሉ አይሰሩባቸው። አደባባይ ላይ ለሚሰቀል ማስታወቂያ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ወረዳዎን ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ጨርቁን ይምረጡ

ባነር በሁለት የፒቪሲ ንጣፎች መካከል የተዘረጋ የፖሊስተር ክር መረብ ነው። ጥንካሬው ያለው ክሩ ላይ ነው፤ ፒቪሲው ቀለም የሚቀበልና ውኃ የሚከላከል ልባስ ነው። ገበያ ላይ በክብደት ይለያል፦ በካሬ ሜትር 340፣ 440 እና 510 ግራም። ለጥቂት ቀን ዝግጅት፣ ለዚያውም በተከለለ ቦታ፣ 340 ይበቃል። ወራት ለሚቆይ የደጅ ባነር ከ440 አይውረዱ።

ክብደት ግን ሁሉን አይናገርም። ቁራጭ ናሙና ይጠይቁና ዳሩን በመቀስ ትንሽ ቆርጠው በእጅዎ ለመቅደድ ይሞክሩ። በቀላሉ እንደ ወረቀት ከሄደ ክሩ የሳሳ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ንጣፎች ከቆረጡት ጥግ ላይ በጥፍርዎ ለመለያየት ይሞክሩ። ያለ ብዙ ትግል ከተላጡ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው በራሳቸው ይላቀቃሉ። ንጣፎቹ ተጣብቀው ከተሠሩበት ይልቅ ፒቪሲው በክሩ ላይ ተቀብቶ የተሠራው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ይመረጣል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ቦታው በጣም ነፋሻ ከሆነ ወይም ባነሩ ትልቅ ከሆነ ሜሽ ይዘዙ። ሜሽ ከስፋቱ ሲሶ ያህሉ ቀዳዳ የሆነ መረብ ነው፤ ነፋሱ በመላ አካሉ ያልፋል። ከቅርብ ሲታይ ሥዕሉ ደብዘዝ ስለሚል ፊደሉን ወፍራም፣ ቀለሙን ደማቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ዳሩን ያሠሩ

ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዙሪያው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ ድርብ መሆን አለበት። እጥፋቱ በሙቅ አየር ማሽን ቢጣበቅ ጥሩ ነው፤ ማሽን ከሌለ የፒቪሲ ማጣበቂያ ይሆናል፤ በፖሊስተር ክር ሁለት መስመር መስፋትም ይቻላል። የጥጥ ክር ግን ዝናብ ያበሰብሰዋል። በእጥፋቱ ውስጥ የናይለን ገመድ ወይም የቦርሳ ማንገቻ ዓይነት ጥብጣብ ከተቀበረ ጭነቱን ከቀለበት ወደ ቀለበት የሚያስተላልፈው እሱ ስለሚሆን ዳሩ እጅግ ይጠነክራል።

ማተሚያ ቤት ሄደው «ዳሩን አጠናክሩልኝ» ብቻ ቢሉ አይበቃም። ልኩን ይናገሩ፦

«ወንድሜ፣ ዙሪያውን 5 ሳንቲም እጠፈውና በሙቀት አጣብቅልኝ። አራቱም ማዕዘን ላይ ሌላ ቁራጭ ደርብበት። ቀለበቱን በየ50 ሳንቲሙ፣ ማዕዘኖቹን ሳትረሳ።»

«እሺ ጋሼ። ዲዛይኑ ላይ የእጥፋቱ ቦታ ተትቷል? ካልተተወ ስልክ ቁጥሩ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል።»

የባለሙያው ጥያቄ ተገቢ ነው። 3 በ2 ሆኖ እንዲሰቀል የሚፈልጉት ባነር በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ 3.10 በ2.10 መታተም አለበት። ዳሩ የሚሠዋው አብዛኛውን ጊዜ ዲዛይኑ ቦታ ስላልተወለት ነው።

የእኛ ባነር ዙሪያው 10 ሜትር ስለሆነ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 20 ቀለበት ይይዛል። ነፋሻ ቦታ ከሆነ ርቀቱን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያጥብቡት። ቀለበቱ የሚመታው በድርቡ ላይ፣ ከውጭው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው።

ባነሩን ሲረከቡ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ እጥፋቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ጫፉን ይዘው ለመላጥ ይሞክሩ። ሁለቱ ገጾች ለስላሳ እንደሆኑ ጸድተው ከተላቀቁ ሙቀቱ አልበቃውም፤ ፒቪሲው ከክሩ ላይ እየተገሸለጠ ነጩ መረብ ብቅ ካለ ግን በትክክል ተዋሕዷል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ቀለበት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ያዙሩት። ከተሽከረከረ በደንብ አልተመታም፤ ጨርቁን አልነከሰምና ይነቀላል። እዚያው እንዲያስተካክሉት ይጠይቁ።

ባነሩ ሁልጊዜ ከላይና ከታች የሚወጠር ከሆነ በቀለበት ፋንታ በላይኛውና በታችኛው ዳር ብረት የሚገባበት እጅጌ ማሠራት ይቻላል። ብረቱ ጭነቱን በመላ ዳሩ ላይ ስለሚያከፋፍለው አንድም ነጥብ ለብቻው አይጨነቅም።

ደረጃ 4፦ መሃሉን አይብሱት

ነፋስ እንዲያሳልፍ ተብሎ ባነር ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅድ ማውጣት የተለመደ ነው። ስሌቱ ግን አይደግፈውም። ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ 39 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። እንዲህ ያለ 20 ቅድ ቢያወጡ ሁሉም ተደምረው 6 ካሬ ሜትር ከሆነው ባነር ከመቶ 1.3 ያህሉን ብቻ ይከፍታሉ። ግፊቱን አልቀነሱም ማለት ይቻላል። በምላሹ 20 ቦታ ላይ ክሩን ቆርጠዋል፤ ቅዱ ሊጀምር የሚችልባቸውን 20 ቦታዎች በገዛ እጅዎ አዘጋጅተዋል። ነፋስ ማሳለፍ ካስፈለገ መፍትሔው ሜሽ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚታሰርበትን ያጠንክሩ

*ግድግዳ ከሆነ፦* የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው። ፊሸር መትተው ቪቴ ቢያስሩበት በመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ከነፍርፋሪው ይወጣል። የኮንክሪት ኮለኑንና ቢሙን ይፈልጉና እሱ ላይ ቀለበት ያለው የማስፋፊያ ብሎን ይምቱ።

*የቆርቆሮ አጥር ከሆነ፦* ከአጠናው ወይም ከብረት ቋሚው ጋር እንጂ ከቆርቆሮው ጋር አይሰሩ። የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለሚቆርጥ ባነሩና ገመዱ በሚነኩት ቦታ ሁሉ የካላማዳሪያ ቁራጭ ያልብሱት።

*የብረት ፍሬም ከሆነ፦* ከቱቦላሬ ሲበየድ መሃሉ ላይ ቢያንስ አንድ ቋሚ ይጨመርበት። የብየዳው እብጠትና ሹል ጫፍ በሞላ ይሞረድ። ባነሩን በቪቴ ብቻ ወግቶ ማሰር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ወደ ኋላ ታጥፎ በላዩ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ተደርጎ ይታሰር፤ ካልሆነም እያንዳንዱ ቪቴ ሰፊ ሮንዴላ ይኑረው።

*ሁለት ምሰሶ ከሆነ፦* ከቁመቱ ቢያንስ አንድ አራተኛው መሬት ውስጥ ይግባ፤ ለ4 ሜትር ምሰሶ 1 ሜትር ጉድጓድ ማለት ነው። በኮንክሪት ወይም በድንጋይና በአፈር ጠቅጥቀው ይሙሉት። ከዚያ እያንዳንዱን ምሰሶ ከፊትም ከኋላም በገመድ ይወጥሩ። 150 ኪሎ ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ ምሰሶ አናት አካባቢ 75 ኪሎ ይገፋል፤ ርዝመቱ ተጨምሮበት መሬቱን የሚፈነቅለው ጉልበት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የክረምት ጭቃ ብቻውን ይህን አይችለውም።

ደረጃ 6፦ በሚሳብ ነገር ይሰሩ

ቀጭን ሽቦ አይጠቀሙ። ሽቦ አይሳብም፤ የነፋሱን ምት በሙሉ ለቀለበቱ ያቀብለዋል፤ ሲቆይም ዝጎ ይበጠሳል።

የሚፈለገው ምቱን ተቀብሎ የሚመልስ ነገር ነው። ለዚህ በእጃችን ያለው ጥሩ ዕቃ ካላማዳሪያ ነው። ያገለገለ የሞተር ወይም የመኪና ካላማዳሪያ ከጎማ ቤት ይግዙ። ከሞተሩ ላይ አግድም ሲቆርጡ ዝግጁ ቀለበት ይወጣል፤ ከመኪናው ላይ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ይወጣል። የተሰነጣጠቀና የደረቀ ጎማ አይውሰዱ፤ በእጅዎ ስበው ገጹን ይመልከቱ። በቀለበቱ አሳልፈው ርዝመቱ ሩብ ያህል እስኪሳብ ወጥረው ይሰሩት። ያኔ ነፋስ ሲመጣ ተጨማሪ ይሳባል፤ ሲያልፍ ባነሩን መልሶ ይወጥረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ ያስፈልጋል። ከመጠን ያለፈ ነፋስ ከመጣ አንድ ነገር መበጠሱ አይቀርም፤ የቱ ይበጠስ የሚለውን ግን እርስዎ መወሰን ይችላሉ። በታችኛው ዳር ያለውን ጎማ ከላይኛው ቀጠን ያድርጉት። ያኔ አስቀድሞ የሚለቀው የታችኛው ይሆናል፤ ባነሩ ነፋሱን አሳልፎ ከላይ እንደተያዘ ይቀራል። ርካሽ ጎማ ሄዶ ባነሩም ግድግዳውም ይተርፋል። በላይኞቹ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ከጎማው ጎን ወፍራም የናይለን ገመድ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አላልተው ይጨምሩ። ይህ ገመድ በሌላ ጊዜ ምንም አይሠራም፤ ጎማው ቢበጠስ ግን ባነሩን መንገድ ላይ ከመውደቅ ይይዘዋል።

ደረጃ 7፦ በቅደም ተከተል ይወጥሩ

ሥራውን ነፋስ በማይበረታበት ሰዓት፣ ቢቻል ማለዳ ይጀምሩ፤ ብቻዎንም አይሥሩ። መጀመሪያ ሁለቱን የላይ ማዕዘኖች ይሰሩ። ቀጥሎ የላይኛውን ዳር ከመሃል ጀምረው ወደ ጎንና ጎን ይሂዱ። ከዚያ የታች ማዕዘኖች፣ የታችኛው ዳር፣ በመጨረሻ ሁለቱ ጎኖች። መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርገው ይሰሩ፤ በሁለተኛው ዙር እኩል ያጥብቁ።

በትክክል የተወጠረ ባነር ፊቱ ላይ መጨማደድ አይታይበትም። ከአንድ ቀለበት ወደ መሃል የሚሄድ ሰያፍ ሽብሽብ ካዩ ያ ቀለበት ከጎረቤቶቹ በላይ እየተጎተተ ነውና ያላሉት። በመዳፍዎ መሃሉን ሲገፉት ገባ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት።

ፒቪሲ በፀሐይ ይለጠጣል፤ በብርድ ይሰበሰባል። ማለዳ በብርድ የተወጠረ ባነር ቀትር ላይ ይላላል፤ መርገብገብም የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን ፀሐይ ሲበረታ ተመልሰው ይዩትና ያጥብቁ። ሌሊት ሲሰበሰብ ጎማው ልዩነቱን ይቀበለዋል።

መንገድ አቋርጦ የሚሰቀል ከሆነ

ለበዓልና ለጉባኤ መንገድ አቋርጠው የሚሰቀሉ ባነሮች የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። ባነሩ በላይና በታች በሁለት የብረት ገመዶች መካከል ይታሰራል። ብዙ ሰው ገመዱ ቀጥ ብሎ በተወጠረ ቁጥር የጠነከረ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። 10 ሜትር የሚሻገር ገመድ በያንዳንዱ ሜትር 15 ኪሎ የነፋስ ግፊት ቢደርስበት፦

- መሃሉ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲጎብጥ ከተተወ ጫፉን ወደ 940 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትታል፤
- 50 ሳንቲ ሜትር ከተተወ ወደ 375 ኪሎ ይወርዳል፤
- 1 ሜትር ከተተወ ወደ 190 ኪሎ ይወርዳል።

ስለዚህ ገመዱን ያላሉት፤ ባነሩን ግን በሁለቱ ገመዶች መካከል በጎማ ይወጥሩ። የታችኛው ገመድ ሲጎብጥም ጭምር ከመንገዱ ከ5 ሜትር ተኩል በታች እንዳይወርድ ያድርጉ፤ ጭነት የጫነ መኪና ያልፋል። ጫፎቹ የሚታሰሩት በሕንፃ ኮንክሪት ላይ እንጂ በረንዳ ላይ ባለ የብረት አጥር አይሁን። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በከፍታ ላይ የሠራ ባለሙያ ይቅጠሩ።

ደረጃ 8፦ ይከታተሉ፣ ይጠግኑ፣ በጊዜው ያውርዱ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ከባድ ነፋስ በኋላም ደግሞ፣ ዙሪያውን ይዩ። የተሰነጠቀ ጎማ ይለውጡ። ሞላላ የሆነ የቀለበት ቀዳዳ ካዩ መቀደድ ጀምሯል፤ ከዳር እስኪወጣ አይጠብቁ።

ጥገናው ቀላል ነው። ከተረፈ ባነር ላይ ከጉዳቱ በየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁራጭ ይቁረጡ፤ ሹል ጥግ ቶሎ ስለሚላጥ ጠርዙን ክብ ያድርጉት። ሁለቱንም ገጽ በደረቅ ጨርቅ አጽድተው በፒቪሲ ማጣበቂያ ከፊትም ከኋላም ይለጥፉ፤ ሲደርቅ አዲስ ቀለበት ገባ ብሎ ይመታበት።

የደጋ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ፒቪሲው ከጊዜ ጋር ልስላሴውን ያጣል። ጥጉን ሲያጥፉት የሚንኮሻኮሽና የሚሰነጠቅ ከሆነ ምንም ያህል ቢታሰር አይዝም፤ ማውረጃው ደርሷል። ዝግጅቱ ያለፈበትን ባነርም እንዲሁ ያውርዱት። አላፊ አግዳሚ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የረሳው ባነር ነው።

እንደገና የሚጠቀሙበት ከሆነ አድርቀው፣ የታተመውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉት፤ ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ያረጀውን ለዕቃ መሸፈኛ ወይም ለጊዜያዊ ጥላ ይጠቀሙበት። አያቃጥሉት፤ የፒቪሲ ጭስ ሳንባን የሚጎዳ አሲድና ሌሎች መርዞች አሉበት።

አዲስ ባነር ሊያሳትሙ ሲሄዱ እንግዲህ ጥያቄዎን ከዳሩ ይጀምሩ፦ እጥፋቱ ስንት ነው፣ ማዕዘኑ ተደርቧል ወይ፣ ቀለበቱ በየስንት ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥዎትን ማተሚያ ቤት ይምረጡ። ትንሽ ዋጋ ቢጨምርም ይክፈሉ፤ ከሰቀሉት በኋላ ደግሞ የባነሩ ጠባቂ እርስዎ ነዎት።